አሊ ቢራና የድሬዳዋ የሠርግ መድረክ

ባለፈው የትምህርት መንፈቅ አንድ ምሽት በመኝታ ክፍላችን ስድስት ሆነን ተቀምጠን ሳለ፥ ከመካከላችን አንዱ በስልኩ የአሊ ቢራን ዘፈን ከፈተ። ከጎጃም የመጣው ባልንጀራችን ጥቂት ካዳመጠ በኋላ በየዋህነት፥ «ይህ ሰው እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ቢራ ይወድ ስለ ነበረ ነው?» ሲል ጠየቀ። የድሬ ልጆች የሆንን ሁሉ በሳቅ ፈነዳን። «አቦ፥ ተወን እንጂ!» ያለም ነበረ። ሳቁ ካለፈ በኋላ ጠያቂው፥ «እሺ፥ ንገሩኛ» ቢለን ግን ከሳቅነው መካከል ነገሩን አስተካክሎ የሚያስረዳ ጠፋ። እኔ በዚህች ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በዚህ ሰው ዘፈን ከልጅነቴ ጀምሮ በየሠርጉ ጨፍሬአለሁ፤ ከግጥሙ የማውቀው ግን እኩሌታውን እንኳ አይሆንም። በሌላው አለማወቅ ስቄ ሳበቃ የራሴ አለማወቅ ስለ ታየኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሌሊት የመጣ ነው።

በመጀመሪያ የስሙን ነገር እንጨርስ። የሰውየው የልደት ስም አሊ መሐመድ ሙሳ ነው። «ቢራ» የተባለው በኦሮምኛ «ብራ» የሚባለው ወቅት ነው፤ ይኸውም ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው። አሊ ገና በልጅነቱ በመድረክ ቆሞ ያዜመው የመጀመሪያ ዘፈን ስለዚሁ ስለ ብራ መንጋት የሚናገር ነበረ። በቡድኑ ውስጥ ሌላም አሊ፥ ለምሳሌ አሊ ሸቦ፥ ስለ ነበረ እርሱን ለመለየት በዘፈኑ ስም ተጠራ፤ ስሙም በዚያው ጸና። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉን ከሩቅ መፈለግ አልነበረብንም። ዝናሙ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ «ብራ ሆነ» እንል የለምን? ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አፍ ውስጥ አለ፤ ስንጽፈው ግን «ቢራ» ብለን መጠጥ ቤት አስገባነው። እኔም የተለመደውን አጻጻፍ እከተላለሁ፤ አንባቢ ግን ሲያነብ ሰማዩን እንጂ ጠርሙሱን እንዳያስብ አደራ እላለሁ።

ደግሞም በዕድሜ አያቴ የሚሆኑትን ሰው «እርሱ» እያልኩ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። በድሬዳዋ «አሊ ቢራ» ሲባል አንቱታ የሚጨምር ብዙ አላጋጠመኝም፤ ዘፋኝን እንደ ቤተ ዘመድ መጥራት ልማዳችን ነው። ዓመቶቹም ሌላ ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሊ የተወለደው በ1947 በድሬዳዋ፥ ገንደ ቆሬ አካባቢ ለገ ሐሬ በሚባለው ሰፈር ነው። በዚያን ጊዜ ከተማዋ ራስዋ የ45 ዓመት ጎልማሳ ብቻ ነበረች። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1902 ከደጋው በታች በሜዳው ላይ ቆመ፤ በዚያም ጣቢያና የባቡር መጠገኛ ተሠራ፤ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» እስከ መባል ደርሶ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። ከዴቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ዓይነት ከተማ ተሠራ፤ ባንደኛው ወገን መንገዱ በገመድ የተለካ የሚመስለው፥ ዛፉ የተተከለው ከዚራ፤ በሌላው ወገን ገበያውና ጠባብ መንገዱ የበዛው መጋላ። ዴቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል አሸዋ ብቻ ነው፤ እንግዳ ሰው ወንዝ መሆኑን የሚያውቀው ሲነገረው ነው። በነሐሴ 2006 ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ግን ይኸው አሸዋ ነው።

ይህን የከተማ ታሪክ ማንሣቴ ለጌጥ አይደለም። ባቡር የሚያመጣው ጨውና ጨርቅ ብቻ አልነበረም። ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ አማራው፥ የመናዊው ዓረብ፥ ግሪኩ፥ አርመኑ፥ ሕንዱና ፈረንሳዩ በአንድ ገበያ ሲገናኙ ዜማቸውም አብሮ ይገናኛል። ከዓረብ አገር የመጣ ሸክላ በቡና ቤት ይዘፍናል፤ ሶማሌው ኡዱን ይዞ ይቀመጣል፤ የሐረሪ ሠርግ ከበሮ ከግንቡ ማዶ ይሰማል። በዚህ መካከል የሚያድግ ልጅ ጆሮው አንድ ቋንቋ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። አሊ ሦስት ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ተለያዩ፤ እርሱም ከአባቱ ዘንድ አደገ። በሰፈሩ የዓረብኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ዓረብኛ ተማረ። በኋላ በኦሮምኛ፥ በአማርኛ፥ በሐረሪኛ፥ በሶማልኛና በዓረብኛ፥ ከዚያም አልፎ በስዋሂሊ መዝፈኑን ሰዎች እንደ ተአምር ያወሩታል። እኔ ግን ከስዋሂሊው በቀር ሌላው በአንድ የድሬ ሰፈር ልጅ አፍ ላይ የሚገኝ ነው ባይ ነኝ። ተአምሩ ሌላ ቦታ ነው።

በ1962 በድሬዳዋ «አፍረን ቀሎ» የተባለ የሙዚቃ ቡድን ተቋቋመ። ትርጉሙ «አራቱ ቀሎዎች» ማለት ነው፤ ይኸውም በሐረርጌ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ከአንድ አባት ከቀሎ እንደ ተወለዱ የሚቆጥሯቸው የአላ፥ የኦቦራ፥ የዳጋና የባቢሌ ጎሣዎች የጋራ መጠሪያ ነው። አሊ ወደ ቡድኑ የገባው በዚያው ዓመት፥ ገና የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ስማቸውን ያስተዋለ ሰው ሐሳባቸውን ይረዳል፤ የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ጎሣ ቡድን ሳይሆን የአራቱንም ድምፅ በአንድ መድረክ ለማሰማት ተነሡ።

መድረኩ ግን ምን ነበረ? እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ሁለት ታላላቅ የቴአትር ቤቶች ነበሯት፤ በ1935 የተመሠረተው የሀገር ፍቅር እና በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው። በእነዚያ ቤቶች ዘፋኝና ተዋናይ የተለያየ ሙያ አልነበረም። ክራር ደርዳሪዋ አስናቀች ወርቁ ተዋናይትም ነበረች። በኋላ በቴሌቪዥን «አባባ ተስፋዬ» ተብለው ልጆችን ሁሉ ያሳደጉት ተስፋዬ ሣህሉም ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ሙዚቃውንም ያውቁበታል። ለአንድ የአዲስ አበባ የጥበብ ሰው ደመወዝ፥ መጋረጃና መብራት ነበረው። የአፍረን ቀሎ ልጆች ከዚህ አንዱም አልነበራቸውም። የእነርሱ ቴአትር ቤት የሠርግ ዳስ ነበረ።

የሠርግ ዳስ እንደ መድረክ ሲታይ ከአዳራሽ የከበደ ነው። አዳራሽ የመጣ ሰው ከፍሎ ገብቷልና እስኪያልቅ ይታገሣል፤ ሠርግ የመጣ ሰው ግን ለምግቡ፥ ለወሬውና ለዘመዱ ነው የመጣው፤ ዘፈኑ ካልያዘው ጀርባውን ይሰጣል። ስለዚህ በሠርግ ላይ የሚዘፍን ሰው ግማሹ ተዋናይ ነው። ሙሽራውን በማሾፍ ይቀበላል፤ የአማቶቹን ክብር ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ሲደርስ ድምፁን ዝቅ፥ ወጣቶቹ ዘንድ ሲሄድ ከፍ ያደርጋል፤ ለሴቶቹ ወገን ሌላ ፊት አለው። ዘፈኑም ራሱ ይህን ይጠይቃል። አንዱ ያወጣል፥ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባዩ ሕዝብ ስለሆነ አዝማቹ አጭርና በአንድ ጊዜ የሚያዝ መሆን አለበት። የአሊን ዘፈኖች በጥንቃቄ ያዳመጠ ሰው ይህን የዳስ ትምህርት ይሰማዋል። ታላቅ ኦርኬስትራ ከኋላው በቆመበት ጊዜ እንኳ አዝማቹ ሲደርስ ጥቂት ይለቅልሃል፤ አንተ እንድትቀበል ቦታ ይተውልሃል። እኔ ቃሉን ሳላውቅ ለዓመታት የጨፈርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ አዝማቹ እኔንም አስገብቶኛል።

ሠርግ ሌላም ጥቅም ነበረው። ለሠርግ ሕዝብ መሰብሰብ ፈቃድ አያስፈልገውም። በዚያን ዘመን ኦሮምኛ በአገሪቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ሆኖ ሳለ ትምህርት የማይሰጥበት፥ ጋዜጣ የማይታተምበት፥ በፍርድ ቤት የማይሟገቱበት ቋንቋ ነበረ። በዚሁ በእኛ አውራጃ ሼህ በክሪ ሳጳሎ የተባሉ ታላቅ የሃይማኖት ምሁርና ባለ ቅኔ በ1956 ገደማ ለኦሮምኛ የሚስማማ ፊደል ራሳቸው ፈልስፈው ነበር። ፊደሉ በሐረርጌ በእጅ እየተጻፈ መዘዋወር ሲጀምር ባለሥልጣኖች ደነገጡ፤ ሼኹም በዚሁ በድሬዳዋ በቁም እስር ተይዘው ቆዩ። እንግዲህ አስቡት፤ በአንዲት ከተማ፥ በአንድ ዐሥር ዓመት ውስጥ፥ አንድ ሽማግሌ ቋንቋውን በወረቀት ላይ ሊያቆሙት ይደክማሉ፤ ጥቂት ወጣቶች ደግሞ በዳስ ውስጥ በዜማ ያቆሙታል። የሼኹ ፊደል ተይዞ ሊቃጠል ይችላል። አንድ ሺህ ሰው ተቀብሎት ወደየቤቱ የሄደን አዝማች ግን ማን ይሰበስበዋል?

እዚህ ላይ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን አሊ ቢራ የፖለቲካ ሰው ነው፥ ዘፈኑም ትግል ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፥ የለም፥ አብዛኛው ዘፈኑ የፍቅር ነው፤ ፖለቲካውን የጫንንበት እኛ ነን ይላል። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው ስለ ቃሉ ነው። እኔ ግን ቃሉን ትተን ሁኔታውን ብናይ ይሻላል እላለሁ። አንድ ልጅ ስለ አንዲት ቆንጆ ቢዘፍን ማንም መንግሥት አይፈራውም። ነገር ግን በአደባባይ ተፈልጎ የማያውቅ ቋንቋ በማይክሮፎን ሲወጣ፥ ባላገሩ «የእኔም ቋንቋ ለካ እንዲህ ያምራል» ብሎ ቀና ሲል፥ የፍቅሩ ዘፈን ከዐዋጅ የበለጠ ይሆናል። የዘመኑን ሁኔታም ማስታወስ ይገባል። በ1963 በአዲስ አበባ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተቋቁሟል፤ በዚያው ዓመት በባሌ ዐመፅ ተነሥቷል፤ በሶማሊያ በኩል ያለው ጠረፍም ሰላም አልነበረም። ለአንድ የጸጥታ ሹም በዚህ ሁሉ መካከል በገንደ ቆሬ የሚመታ ከበሮ የሠርግ ከበሮ ብቻ ሆኖ አልተሰማውም።

በ1965 አፍረን ቀሎ ታገደ። ከአባሎቹ አሊንም ጨምሮ አንዳንዶቹ ወደ ጂቡቲ ሸሹ፤ ያን ጊዜ ገና የፈረንሳይ ግዛት ነበረች። ከድሬዳዋ እስከ ባሕሩ 300 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው፤ አገሩም ቆላ፥ ድንጋይና እሾኽ ነው። አሊ ዕድሜው 18 ዓመት ብቻ ነበረ። ዛሬ ከእኛ መካከል 18 ዓመት የሞላው ልጅ በመጀመሪያ ዓመት ትምህርቱ የካፌውን ወጥ ያማርራል። በጂቡቲም ኑሮ አልረጋለትም፤ ተመለሰ፤ ብዙ ሳይቆይም ፊቱን ወደ ሌላው የሐዲዱ ጫፍ፥ ወደ አዲስ አበባ አዞረ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው ለብዙዎቻችን የሚከብደን። ቡድኑ በመንግሥት የታገደበት ዘፋኝ የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ባልደረባ ሆነ። ክቡር ዘበኛ ማለት የንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ጠባቂ ጦር ነው። አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ፥ «እንግዲያው ተሸነፈ በለኛ» አለኝ። እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም፤ ምክንያቴንም እነግራችኋለሁ። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ በሙዚቃ እንጀራ መብላት የፈለገ ሰው ያለው ምርጫ ጥቂት ነበረ፤ የክቡር ዘበኛ፥ የፖሊስ ሠራዊት፥ የምድር ጦር፥ ወይም የቴአትር ቤቶቹ። ሳክስፎኑ፥ ትራምፔቱ፥ አስተማሪውና የልምምዱ ቤት በመንግሥት እጅ ነበረ። ጥላሁን ገሠሠም፥ ብዙነሽ በቀለም፥ ማሕሙድ አሕመድም በዚሁ በክቡር ዘበኛ ቤት አልፈዋል። ጥላሁንም ቢሆን በኦሮምኛ የዘፈነ ሰው ነው። በዚያ ቤት አሊ በየቀኑ ልምምድ የሚደረግበትን የሙያ ሥርዓት አገኘ፤ በአማርኛም ዘፈነ። በዳስ የተማረው ሕዝብን መያዝ ነበረ፤ በክቡር ዘበኛ የተማረው ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት መሣሪያ ጋር ሳይጣሉ መዝፈንን ነው። ሁለቱን ትምህርት አንድ ላይ የያዘ ሰው በዘመኑ ብዙ አልነበረም።

በ1971 አሊ በኦሮምኛ የዘፈናቸው ዘፈኖች በሸክላ ወጡለት። ይህ ሥራ በኦሮምኛ የመጀመሪያው አልበም ሆኖ ይቆጠራል። የነገሩን ክብደት ለመረዳት የሸክላን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1948 በወጣ ዐዋጅ ሸክላ ማስቀረጽና ማስመጣት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነበረ። ሌላ ሰው በራሱ ገንዘብ ዘፈን ላሳትም ቢል ሕገ ወጥ ይሆናል። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ጥሶ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፤ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትሞ አመጣ፤ ሸክላውም እንደ ጉድ ተሸጠ። አንድ በር ሲከፈት ነፋሱ ሁሉ በዚያ ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት አያሌ ሸክላዎች ታተሙ። አሊ ይህ በር በተከፈተ በሁለት ዓመት ውስጥ በኦሮምኛ ገባበት። ጋዜጣ በኦሮምኛ መታተም የጀመረው «በሪሳ» በ1975 ሲወጣ ነው፤ ያውም በግዕዝ ፊደል። ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል በይፋ የተያዘው በ1991 ነው። እንግዲህ በኦሮምኛ የታተመ ጋዜጣ ከመነበቡ 4 ዓመት አስቀድሞ፥ በኦሮምኛ የታተመ ሸክላ በሸክላ ማጫወቻው ላይ ይዞር ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ቋንቋውን በእጁ ይዞ ሊገዛው ቻለ።

ስለ ሸክላ አንድ ነገር ልጨምር፤ የዛሬ ተማሪ ሸክላን በሙዚየም እንጂ በቤቱ አያውቀውምና። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከአራት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። የሠርግ ዘፈን ግን ግማሽ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከዳስ ወደ ሸክላ የሚገባ ዘፋኝ ከሠላሳ ደቂቃ ውስጥ አራቱን መምረጥ አለበት። የትኛው ስንኝ ይቀር? ተቀባይ ሕዝብ በሌለበት ክፍል ማን ይቀበል? የዚያን ዘመን ዘፈኖች ጥብቅ ብለው የተቋጠሩት በዚህ ችግር ምክንያት ነው እላለሁ። በኋላ ካሴት መጣ፤ በአንድ ወገን 30 ደቂቃ ተገኘ፤ ዋጋውም ረከሰ፤ ያለው ሰው ለሌለው እየገለበጠ ይሰጥ ጀመር። የአሊ ዝና ከሸክላው ይልቅ በዚህ በግልባጭ ካሴት ወደ ገጠር ገባ። ሸክላ ማጫወቻ መብራት ይፈልጋል፤ ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ወደ መሣሪያው እንምጣ። አሊ ሁለት መሣሪያ ይጫወት ነበር፤ ኡድና ጊታር። የሁለቱ ልዩነት ለኪነ ጥበብ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። የጊታር አንገት በብረት እርከን ተከፋፍሏል፤ ጣትህን የትም ብታሳርፍ እርከኑ ድምፁን አስተካክሎ ያወጣልሃል፤ በሁለት እርከን መካከል ያለው ድምፅ ግን ተዘግቶብሃል። ኡድ እርከን የለውም። አብዛኛውን ጊዜ 11 ጅማት አለው፤ 10ሩ ሁለት ሁለት እየሆኑ አምስት ጥንድ ሲሆኑ፥ አንዱ ወፍራሙ ብቻውን ይቆማል። ጣትህ በአንገቱ ላይ እንደ ልብ ይንሸራተታል፤ በእርከኖቹ መካከል ያሉት የዓረብ ዜማ የሚወዳቸው ድምፆች ሁሉ ይገኛሉ፤ ስሕተትም እንደዚሁ ይገኛል። ኡድ ከዓረብ አገር፥ ከሱዳንና ከሶማሌ ወገን በብዛት የሚሰማ መሣሪያ ነው፤ በደጋው አገር ግን ክራርና ማሲንቆ ነው የነገሠው። በአሊ ዘፈን ውስጥ የኢትዮጵያን አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ትሰማለህ፤ በዚያው ላይ ድምፁ በቃል መጨረሻ ተንሸራትቶ ሲወርድ የኡድ ጣት ትሰማለህ። ጉሮሮው ራሱ እርከን የለውም ማለት ነው። ይህን ያስተዋልኩት ዘፈኑን አንድ ቀን በጆሮ ማዳመጫ፥ ሳልጨፍር፥ ቁጭ ብዬ በሰማሁበት ጊዜ ነው። ሳይጨፍሩ መስማት ለድሬ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ከአብዮቱ በኋላ ያለውን ዘመን ባጭሩ እናልፋለን። አሊ በ1980ዎቹ ከአገር ወጥቶ ለረጅም ጊዜ በውጭ ኖረ፤ በመጨረሻም ካናዳ መኖሪያው ሆነች። በስደት ላይ ሳለም ኦሮሞው በተበተነበት ሁሉ፥ በአውሮፓም በአሜሪካም፥ መድረክ እየወጣ ዘፈነ፤ ካሴቱም ወደ አገር ቤት በሻንጣ እየገባ ይገለበጥ ነበር። በ2010 ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ ኖረ። በጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ኅዳር 6 ቀን 2022፥ በ75 ዓመቱ በአዳማ ዐረፈ። የተቀበረው በድሬዳዋ ነው። በዚያን ዕለት የነበረውን ሕዝብ ያየ ሰው አይረሳውም፤ በአንድ ወቅት ይህ ልጅ እንዲዘፍን አልተፈቀደለትም ቢባል የሚያምን አይገኝም ነበር።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። አንድ አክስት አለችኝ፤ መጋላ ውስጥ ሱቅ የነበራት። የአሊን አሮጌ ግልባጭ ካሴት በጨርቅ ጠቅልላ በሣጥን ታኖራለች። ቴፑ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ በጥፍር ቀለም ተጣብቋል፤ ሲላላ በእስክሪብቶ ትጠመዝዘዋለች። አክስቴ ኦሮምኛን እንደ አማርኛ ትናገራለች፤ ከማን ተማርሽ ብላት፥ «ከገበያ ነው እንጂ ከማን እማራለሁ!» አለችኝ። ታዲያ የእርስዋ ትውልድ በገበያ የተማረውን እኔ በዚያው ከተማ ተወልጄ፥ ትምህርት ቤት ገብቼ፥ ዩኒቨርሲቲ ደርሼ ሳልማረው መቅረቴ ምን ይባላል? ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ግን ሁላችንም በየቋንቋችን ትምህርት ቤት ገብተን፥ በየቋንቋችን ወጥተን፥ አንዳችን የሌላውን ዘፈን በእግራችን ብቻ እንደምናውቀው አያለሁ። የአሊ ዘመን ልጅ አምስት ቋንቋ ለመቻል ከሰፈሩ መውጣት አላስፈለገውም።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። አሊ ታላቅ ሆነ፤ ስሙ ተጻፈ፤ በክብር ተቀበረ። ከእርሱ ጋር በዳሱ የቆሙት ግን? ከበሮውን የመቱ፥ ግጥሙን ያወጡ፥ አዝማቹን የተቀበሉ፥ ሲታገዱም የተበተኑ ብዙዎች ነበሩ። በ1962 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ ከ80 ዓመት በላይ ነው። የማስታወስ ኃይሉ እንደ አክስቴ ካሴት ነው፤ አንድ ቀን የተበጠሰ ዕለት በጥፍር ቀለም አይጣበቅም። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መዛግብት ይጓዛሉ፤ ይጓዙ፤ ነገር ግን ከግቢያችን በባጃጅ በሚደረስበት መንገድ ላይ ገንደ ቆሬ አለ። ሽማግሌዎቹ ከዐሥር በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ።

እኔ በበኩሌ የጀመርኩትን ልናገር። ከመኝታ ክፍላችን ኦሮምኛ አፍ መፍቻው የሆነ ከጭሮ የመጣ ልጅ አለ፤ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ እያስቆመ ይተረጉምልኛል። የሐረርጌ አነጋገርና የዘፈን ቃል ለእርሱም አንዳንዴ ይከብደዋል። በአንዲት ቃል ላይ ሁለት ቀን ቆመን ከርመናል፤ እርሱ አንድ ትርጉም ይሰጣል፥ የባቢሌው ልጅ ሌላ ይሰጣል፥ በስልክ የጠየቅናቸው የጭሮው ልጅ እናት ሦስተኛ ሰጡን። አክስቴ ዘንድ ሄጄ ብጠይቃት ካሴቱን ካልሰማሁ አልናገርም አለች። ካሴቱን ደግሞ አታውስም፤ ከሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብለን እንድንሰማ ብቻ ፈቅዳለች። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሦስት ሆነን እንሄዳለን። ደብተሩን የሚይዘው፥ ስለ ቢራው የጠየቀን የጎጃሙ ልጅ ነው።